ዘጠነኛው ትእዛዝ በሌቪታውን

በቤተ ክርስቲያናችን አቆጣጠር ከዐሥርቱ ትእዛዛት ዘጠነኛው የባልንጀራን ቤት፣ ሚስት፣ አገልጋይ፣ በሬና አህያ መመኘትን የሚከለክለው ነው። ዐሥረኛው ባልንጀራን እንደ ራስ መውደድን ያዝዛል። ልጆች ሆነን በቃላችን ስናጠና ሁለቱ እንዲሁ ተከታትለው የመጡ ይመስለን ነበር። ሁለቱም ግን የሚናገሩት ስለ አንድ ሰው ነው፤ በአጥር ማዶ ስላለው ሰው። ዘጠነኛው ዓይናችንን ከዕቃው ላይ ያነሣል፣ ዐሥረኛው ወደ ሰውየው ይመልሰዋል። ዛሬ የምንማረው የጎረቤትን ዕቃ አብዝቶ ማየት ጎረቤትን ወደ አለማየት እንዴት እንደሚያደርስ ነው። ለዚህም ምሳሌ የማደርገው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የነበረውን የአሜሪካ ኑሮ ነው። የማነሣቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ትእዛዙን እንረዳ። አበው ኃጢአትን በሦስት ይከፍሉታል፤ በኃልዮ (በሐሳብ)፣ በነቢብ (በንግግር)፣ በገቢር (በሥራ)። አትግደል፣ አትስረቅ የሚሉት ትእዛዛት እጅን ይይዛሉ፤ በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው አንደበትን ይይዛል። ዘጠነኛው ግን ገና በኃልዮ ያለውን፣ ምስክር የማይቆምበትን፣ ዳኛ የማይደርስበትን ይይዛል። የገደለ ሰው ሬሳ ይተዋል፣ የሰረቀ ሰው ባዶ ሣጥን ይተዋል፣ የተመኘ ሰው የሚተወው ዱካ የለም። ታዲያ ማንም የማያየውን ነገር ሕግ ማድረግ ለምን አስፈለገ?

መልሱ በመጀመሪያው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 21 ላይ አለ። ንጉሥ አክዓብ ሁሉ ነበረው። ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ የናቡቴ የወይን ቦታ ነበረች፤ እርስዋን ፈለገ። ናቡቴ የአባቶቼን ርስት አልሸጥም ቢለው አክዓብ አልጋው ላይ ተጋደመ፣ ፊቱን አዞረ፣ እህል አልቀምስም አለ። እስከዚህ ድረስ የተሠራ ወንጀል የለም፤ አንድ ያኮረፈ ንጉሥ ነው ያለው። ከዚያ በኋላ ግን በሚስቱ በኤልዛቤል እጅ ሐሰተኛ ምስክሮች ቆሙ፣ ናቡቴ ተወገረ፣ ርስቱ ተወረሰ። ሐሰተኛ ምስክርነቱም፣ ግድያውም፣ ዝርፊያውም ከዚያች ከአንዲት ኩርፊያ ወጡ። የወይኑ ቦታ ሩቅ አገር ቢሆን ኖሮ አክዓብ ባልተመኘው ነበር። ምኞት የሚነሣው አጠገባችን ካለው፣ በየቀኑ ከምናየው ነገር ነው።

ይህን ይዘን ወደ አሜሪካ እንሂድ።

የነገሩ መነሻ ምኞት አልነበረም፤ እውነተኛ ችግር ነበር። ይህን ሳይናገሩ አሜሪካውያንን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ከ1929 ጀምሮ ዐሥር ዓመት ሙሉ ሥራ አጥነትና ድህነት ያደቀቃቸው ሰዎች ነበሩ። ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ። ከየካቲት 1942 ጀምሮ ለሕዝብ የሚሸጥ መኪና መሥራት ቆመ፤ ፋብሪካዎቹ ወደ ታንክና ወደ አውሮፕላን ዞሩ። ስኳር፣ ቡና፣ ሥጋ፣ ቤንዚን፣ ጎማ በኩፖን ሆነ፤ የስኳሩ ራሽን እስከ 1947 ዘለቀ። በሌላ በኩል ሥራ ሞልቶ ደመወዝ ጥሩ ነበር። የሚገዛ ነገር ስለጠፋ ገንዘቡ በባንክና በጦርነት ቦንድ ተጠራቀመ። ጦርነቱ ሲያበቃ ሚሊዮኖች ወጣቶች ከግንባር ተመለሱ፣ አገቡ፣ ወለዱ፤ መኖሪያ ግን አልነበረም። አማት ቤት የተዳበለ ነበር፣ ቆርቆሮ የወታደር ቤት ውስጥ ልጅ ያሳደገ ነበር።

መንግሥት ለዚህ ያዘጋጀው መልስ በሰኔ 1944 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የፈረሙት የተመላሽ ወታደሮች ሕግ ነው። ሕጉ ለትምህርትም ለቤትም ይሆናል። ወታደሩ ከባንክ ሲበደር መንግሥት ዋስ ይሆንለታል፤ ብዙ ጊዜም ቅድሚያ ክፍያ አይጠየቅም። ይህን በር ካዩት ነጋዴዎች አንዱ ዊሊያም ሌቪት ነበር። በ1947 ከኒው ዮርክ ከተማ ወጣ ብሎ ሎንግ አይላንድ ላይ የድንች እርሻ ገዝቶ ቤት መሥራት ጀመረ። አሠራሩ የመኪና ፋብሪካን ይመስላል። እዚህ ግን የሚሄደው ሠራተኛው ነው፣ ቤቱ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ አንዱ ቡድን መሠረት ብቻ እያፈሰሰ፣ ሌላው ግድግዳ ብቻ እያቆመ፣ ሌላው ቀለም ብቻ እየቀባ ከቤት ወደ ቤት ያልፋል። ሥራው በተፋጠነበት ወቅት በቀን እስከ ሠላሳ ቤት ያልቅ ነበር። እስከ 1951 ድረስ ከ17,000 በላይ ቤቶች ተሠሩ፤ ሰፈሩም ሌቪታውን ተባለ።

ቤቱን ቀረብ ብለን እንየው። የመጀመሪያው ዓይነት ሰባ ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት መኝታ ቤት፣ አንድ መታጠቢያ፣ ዕቃው የተሟላ ወጥ ቤት፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ከጣሪያ ሥር ደግሞ ወደፊት ክፍል እንዲሆን ሳይጠናቀቅ የተተወ ባዶ ቦታ አለው። በ1949 የወጣው ሞዴል ዋጋ 7,990 ዶላር ነበር። በ1950 የወጣው ከደረጃው ሥር የተገጠመ ቴሌቪዥን ይዞ መጣ። የመንደሩ ደንብ ሣሩ በየሳምንቱ እንዲታጨድ ያዝዝ፣ አጥር ማጠርን ይከለክል ነበር። አጥር የለም ማለት ጎረቤት ሁሉ ይታያል ማለት ነው፤ ምን ገዛ፣ ምን አስመጣ፣ ከጣሪያው ሥር ያለውን ክፍል ጨረሰ ወይስ አልጨረሰም። ደመወዙ ተቀራራቢ፣ ዕድሜው ተቀራራቢ፣ ቤቱ አንድ ዓይነት በሆነበት መንደር ሰው ራሱን ከንጉሥ ጋር አያወዳድርም። የሚያወዳድረው በመንገዱ ማዶ ካለው ጋር ነው፤ ልዩነቱም አንድ ቴሌቪዥን ብቻ ሊሆን ይችላል። ቤቱ ሲመሳሰል ቅናት የሚቀንስ ይመስለናል እንጂ ነገሩ ተቃራኒ ነው። አክዓብም የተመኘው የሌላ ንጉሥ ዙፋን አልነበረም፤ የአትክልት ቦታ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ስሕተት እንዝጋ። ትምህርታችን ዕቃን አይረግምም። አብርሃም ባለጸጋ ነበር፣ ኢዮብ ባለጸጋ ነበር፤ ፍጥረት ሁሉ መልካም ሆኖ መፈጠሩን ኦሪት ዘፍጥረት ይመሰክራል። የእናቶቻችን ጣት በልብስ አጠባ ሲላጥ ያየን ሰዎች የልብስ ማጠቢያ ማሽንን ኃጢአት ነው የምንልበት አፍ የለንም። በ1940 ከመቶ አሜሪካውያን ቤተሰቦች 44ቱ የገዛ ቤት ነበራቸው፤ በ1960 ግን 62ቱ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የኪራይ ክፍል ውስጥ ያደጉ ነበሩ። በገዛ ቤት መኖር፣ ወተት በፍሪጅ ማቆየት፣ ልጅን በሞቀ ክፍል ማስተኛት መልካም ነገር ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ምግብና ልብስ ካለን ይበቃናል ብሎ ሲጽፍ ልካችንን እንድናውቅ ማስተማሩ ነው፤ ብርድን ማመስገኑ አይደለም። ችግሩ የጀመረው የሚበቃው ከመጣ በኋላ ነው።

በ1950ዎቹ አጋማሽ አብዛኛው ሰው ፍሪጅ ነበረው፣ መኪናም ነበረው። ፋብሪካዎቹ ግን አልቆሙም፤ በ1955 ብቻ ወደ 8 ሚሊዮን የሚጠጋ መኪና ተሸጠ። ፋብሪካ ከቆመ ሥራ ይጠፋል፣ ሥራ ከጠፋ የ1930ዎቹ ረሀብ ይመለሳል፤ ፍርሃቱ ይህ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ተለወጠ። ቀድሞ ለሌለው ሰው እንዴት እናድርስለት ነበር፤ አሁን ላለው ሰው እንዴት እንሽጥለት ሆነ።

የጄኔራል ሞተርስ የንድፍ ኃላፊ ሃርሊ ኧርል ለዚህ የሚሆን መላ አስቀድሞ በእጁ ነበረው። በየዓመቱ የመኪናውን መልክ መለወጥ። ሞተሩ ያው ቢሆንም መልኩ ይለወጣል። በ1948 ካዲላክ ላይ ከኋላ ትናንሽ ክንፍ የሚመስል ነገር ወጣ፤ ሐሳቡ የተወሰደው ፒ-38 ከተባለው የጦር አውሮፕላን ነው። ክንፉ በየጊዜው እየረዘመ ሄዶ በ1959ኙ ካዲላክ ላይ ጫፉ ደረሰ። መኪናውን አያፈጥነውም፣ ነዳጅ አይቆጥብም፣ ከአደጋ አያድንም። ጥቅሙ አንድ ነው፤ የአምናውን መኪና አሮጌ ያስመስለዋል። ያለ እንከን የሚሄድ መኪና ያለው ሰው በመኪናው እንዲያፍር ተደረገ ማለት ነው። ያለውን ነገር ሳይነኩበት፣ ሳይሰርቁበት፣ ሳይሰብሩበት ሰውን ድሀ ማድረግ ይቻላል። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ቪክተር ሌቦው የተባለ የችርቻሮ ንግድ አዋቂ በ1955 ባወጣው ጽሑፍ ይህን በግልጽ አስቀምጦታል። የምርቱ ብዛት ፍጆታን የሕይወታችን መንገድ እንድናደርግ፣ መግዛትን ወደ ሥርዓተ አምልኮ እንድንለውጥ፣ የመንፈሳችንን እርካታ በዕቃ እንድንፈልግ ያስገድደናል የሚል ሐሳብ ነው። ሰውየው ይህን ሲጽፍ እየመከረ ነው ወይስ እየታዘበ የሚለውን ብዙዎች ይከራከሩበታል። ለእኛ ትምህርት ልዩነት አያመጣም። አምልኮ የሚለውን ሐሳብ ያነሣው ሰባኪ አይደለም፤ የገበያ ሰው ነው።

ምኞት አሜሪካ ውስጥ የተፈጠረ አይደለም። እኛም አገር እገሌ ይህን ያህል በሬ ጣለ ተብሎ ተበድሮ ተዝካር የሚያወጣ፣ እርሻውን አስይዞ ሰርግ የሚደግስ ነበር፤ ዛሬም አለ። ልዩነቱ እኛ ዘንድ ምኞት የሰውየው ሕመም ነበር፣ አባቶችም ይገሥጹት ነበር። እዚያ ግን ቢሮ ተከፈተለት፣ በጀት ተመደበለት፣ ምሁር ተቀጠረለት።

ከእነዚህ ምሁራን ስሙ የገነነው ኧርነስት ዲክተር ነው። ከቪየና የተሰደደ የሥነ ልቦና ሰው ሲሆን ከኒው ዮርክ ብዙም ሳይርቅ በሃድሰን ወንዝ አጠገብ የጥናት ተቋም አቋቁሞ ነበር። ሰዎችን እያስቀመጠ ለረጅም ሰዓት ያነጋግራል፤ ሳሙና ሲገዙ ምን ይሰማቸዋል፣ መኪና ሲመርጡ ማንን ያስባሉ። ካገኛቸው ነገሮች አንዱ ለመንፈሳዊ ትምህርት እጅግ የሚጠቅም ነው። አሜሪካዊው በቁጠባና በትጋት ትምህርት ያደገ ስለሆነ ለራሱ ደስታ ሲገዛ ልቡ ይወቅሰዋል። እንግዲህ የሻጩ ትልቁ ሥራ ዕቃውን ማስተዋወቅ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ገዢውን ከዚህ ወቀሳ ነጻ ማውጣት፣ ይገባሃል፣ አይዞህ ማለት ሆነ።

ልብ በሉ። ሕሊና የሚወቅሰው በተፈጥሮው ነው፤ ወቀሳውም ወደ ንስሐ እንዲመራን ነው። ኃጢአትን ለንስሐ አባት እንናገራለን፣ ቀኖና እንቀበላለን፣ ፍትሐት እንሰማለን። ማስታወቂያው መጥቶ ይህን ሥርዓት ከመካከሉ ቆረጠው። ኑዛዜ የለም፣ ቀኖና የለም፤ ፍትሐቱ ብቻ ቀረ። እሱም በየምሽቱ ሳሎን ድረስ ይመጣል። በ1950 ቴሌቪዥን የነበራቸው ቤቶች ከመቶ ዘጠኝ ገደማ ነበሩ፤ በ1960 ከመቶ 87 ደረሱ።

የእኛን ጾም ከዚህ አንጻር ብታዩት ትርጉሙ ይበልጥ ይገለጣል። በዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑ ቀናት የምንጾመው ቅቤና ሥጋ ርኩስ ስለሆኑ አይደለም፤ ፋሲካ ሲደርስ እንበላቸዋለን። የምንጾመው ፍላጎት ሲጠራን ሁሉ አቤት እንዳንል ነው። ጾም ምኞትን ገና በኃልዮ ሳለ ቆይ ማለትን ያስለምዳል። ማስታወቂያም እዚያው በኃልዮ ነው የሚሠራው፤ የሚያስለምደው ግን ቆይ የሚለውን ቃል መርሳት ነው። ኢኮኖሚስቱ ጆን ኬኔት ጋልብሬዝ በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ የዘመኑ ምርት የሚያረካውን ፍላጎት ራሱ እየፈጠረ እንደሚሄድ አስረድቷል። ጋልብሬዝ ስለ ጾም አልጻፈም፤ ነገር ግን ያየው ነገር በረሃ የወረዱ አባቶች ስለ ሆድ ካስተማሩት ብዙም አይርቅም።

አሁን ወደ ሉቃስ ምዕራፍ 12 እንሻገር። አንድ ሰው ከሕዝቡ መካከል ወንድሜ ርስት እንዲያካፍለኝ ንገርልኝ ቢለው ጌታችን የባለጸጋውን ምሳሌ ነገረው። እርሻው እጅግ ያፈራለት ሰው ጎተራውን አፍርሶ ሌላ ትልቅ ሊሠራ አሰበ፤ በዚያች ሌሊት ነፍሱ ተጠየቀች። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ በዚህ ምንባብ ላይ የታወቀ ስብከት አለው። ጎተራ ከፈለግህ የድሆች ሆድ አለልህ ይለዋል ባለጸጋውን፤ የምትይዘው እንጀራ የተራበው ሰው ገንዘብ ነው ይለዋል። ያ ባለጸጋ ሲናገር አንድም ጎረቤት አይጠራም፤ የሚነጋገረው ከገዛ ነፍሱ ጋር ብቻ ነው።

የሌቪታውኑ ሰው ግን ከዚህ ባለጸጋ የሚለይበት ነገር አለና ሁለቱን ደባልቆ መስበክ አይገባም። ባለጸጋው መጀመሪያ አተረፈ፣ ከዚያ አቀደ። የሌቪታውኑ ሰው ሳያተርፍ ያቅዳል። የባለጸጋው ኃጢአት ማከማቸት ነው፤ ይኼኛው አያከማችም፣ ገና ያልሠራበትን ገንዘብ ያወጣል። ስለዚህ ለእርሱ የሚስማማው ባስልዮስ በመዝሙር 14 ላይ ስለ አራጣ የሰጠው ሌላው ስብከት ነው። በዚያ ስብከት አራጣ አበዳሪውን ብቻ ሳይሆን ተበዳሪውንም ይመክራል። ወር በመጣ ቁጥር ወለዱ እየተወለደ እንደሚጨምር፣ ተበዳሪው የወሩን መባቻ እየፈራ እንቅልፍ እንደሚያጣ ይናገራል። ከ1,600 ዓመት በፊት በቀጰዶቅያ የተሰበከ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ብድሩ በካርድ መጣ። በ1950 ዳይነርስ ክለብ የሚባል በዱቤ የሚበሉበት የምግብ ቤት ካርድ ኒው ዮርክ ውስጥ ተጀመረ። በመስከረም 1958 ደግሞ ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካሊፎርኒያ ፍሬዝኖ ከተማ ለ60,000 ሰዎች ካርድ በፖስታ ላከ። ማንም አልጠየቀም። ፖስታውን የከፈተ ሰው ብድር በእጁ አገኘ። ቀድሞ ሰው ለመበደር ሲነሣ ማፈር ነበረበት፤ ኮፍያውን አውልቆ ባንክ ቤት መቀመጥ፣ ለምን ፈለግኸው ተብሎ መጠየቅ ነበረበት። ያ እፍረት ጠባቂ ነበር። ካርዱ ጠባቂውን አሰናበተው።

አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች የዚህን ዛፍ ፍሬ በየወሩ ታዩታላችሁ። ክሬዲት ስኮር የሚባለውን ቁጥር የሚያወጣው ፋይኮ የተመሠረተው በዚሁ ዘመን፣ በ1956 ነው። አዲስ የመጣ ሐበሻ ዕዳ ስለሌለበት ታማኝ አይባልም፤ ታማኝ ለመባል አስቀድሞ መበደር አለበት። አንዱ ወንድም እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሳልበደር ኖሬ እዚህ መጥቼ ወንጀለኛ ሆንኩ ሲል ሰምቻለሁ። መውጫ የሌለው ሰው ካርድ ይዞ በየወሩ ሙሉውን ቢከፍል አባቶች የሚነቅፉት አይመስለኝም። ስለ ካርዱ ሳይሆን የወሩ መባቻ ያስፈራው እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ።

አሁን ብዙ ሰባኪዎች ወደሚሳሳቱበት ነጥብ ደረስን። ፍቅረ ንዋይ ሲስፋፋ ቤተ ክርስቲያን ባዶ የምትሆን ይመስለናል። በ1950ዎቹ አሜሪካ የሆነው ሌላ ነው። አብያተ ክርስቲያናት ሞልተው ነበር፤ በየአዲሱ ሰፈር አዲስ ሕንፃ ይሠራ ነበር። በ1954 ለሰንደቅ ዓላማ በሚገባው ቃል ኪዳን ውስጥ የእግዚአብሔር ስም ገባ፤ በ1956 በእግዚአብሔር እንታመናለን የሚለው የአገሪቱ መፈክር በሕግ ጸደቀ። በ1955 ሮበርት ሹለር የተባለ ፓስተር በካሊፎርኒያ በመኪና ሆነው ፊልም የሚያዩበትን ሜዳ ተከራይቶ ከመክሰስ መሸጫው ጣሪያ ላይ ቆሞ ይሰብክ ነበር፤ ምእመናኑ ከመኪናቸው አይወርዱም። በዚያው ዓመት ዊል ኸርበርግ የተባለ አይሁዳዊ ምሁር ሕዝቡ ወደ ጸሎት ቤት እየጎረፈ ሳለ በልቡ ግን የሚያምነው በአሜሪካዊ አኗኗር ነው ብሎ ጻፈ። ጣዖት ማለት ሰው እግዚአብሔርን ትቶ የሚሄድበት ነገር ብቻ አይደለም። ከእግዚአብሔር ጎን አስቀምጦ የሚያመሰግንበትም ነው። እስራኤል በሲና ጥጃውን ሲሠሩ አሮን ያወጀው የእግዚአብሔርን በዓል እንደነበረ ዘጸአት 32ን ያነበበ ያውቃል።

ይህ አኗኗር ለውጭው ዓለምም ይሰበክ ነበር። በሐምሌ 1959 የአሜሪካው ምክትል ፕሬዚዳንት ኒክሰንና የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቼቭ ሞስኮ ውስጥ ለኤግዚቢሽን በተሠራ የአሜሪካ ወጥ ቤት ፊት ቆመው ተከራከሩ። ኒክሰን የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን እያሳየ፣ ይህን የ14,000 ዶላር ቤት የብረታ ብረት ሠራተኛችን ይገዛዋል ይል ነበር። ክሩሽቼቭ ምግቡን አፍ ውስጥ ጨምሮ የሚገፋ ማሽንስ የላችሁም ወይ ብሎ አሾፈበት። ተግሣጹ እግዚአብሔር የለም ከሚል ሰው አፍ መምጣቱ ያስቃል፤ ያሳዝናልም።

የቀረን ዐሥረኛው ትእዛዝ ነው።

በሎንግ አይላንዱ ሌቪታውን የመጀመሪያዎቹ ውሎች ላይ ቤቱ ከነጭ ዘር ውጭ ለሆነ ሰው መኖሪያ እንዳይሆን የሚያዝዝ አንቀጽ ነበር፤ አገልጋይ ከሆነ ግን ይፈቀድለታል። የመንግሥቱ የቤት ብድር መሥሪያ ቤትም ጥቁርና ነጭ ተቀላቅሎ ለሚኖርበት ሰፈር ዋስትና አይሰጥም ነበር። ጥቁሩ ወታደር ኖርማንዲ ላይ ቢዋጋም የወታደሮቹ ሕግ ለእርሱ በአብዛኛው በወረቀት ቀረ። በ1947 በሚሲሲፒ ከተሞች ከተሰጡት 3,229 የወታደር ብድሮች ለጥቁሮች የተሰጡት ሁለት ብቻ ነበሩ። በ1948 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤቶች እንዳያስፈጽሙ ወሰነ። ሌቪት ግን ለጥቁር አለመሸጡን ቀጠለ፤ ምክንያቱንም ሲናገር የቤት ችግርን ወይም የዘር ችግርን መፍታት እችላለሁ፣ ሁለቱን በአንድ ላይ ግን አልችልም የሚል ነበር።

በነሐሴ 1957 በፔንስልቬንያው ሌቪታውን ቢል ማየርስ የተባለ ጥቁር ተመላሽ ወታደርና ሚስቱ ዴዚ ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ከቀድሞው ባለቤት የገዙት ቤት ገቡ። ወሬው በተሰማበት ምሽት መቶዎች ተሰበሰቡ። ድንጋይ ተወርውሮ መስኮት ተሰበረ፤ ብዙ ሌሊት ጩኸት ነበር፤ በአጠገቡ ባለው ባዶ ቤት ተቃዋሚዎቹ ተሰባስበው ለባርነት የተዋጉትን የደቡብ ግዛቶች ባንዲራ ሰቀሉ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ አንድ የሰፈሩ ሰው በዚያን ጊዜ ለመጽሔት የሰጠው ቃል ለትምህርታችን ይጠቅማል። ማየርስ ምናልባት ጥሩ ሰው ይሆናል፣ ነገር ግን ባየሁት ቁጥር ከቤቴ ዋጋ ላይ ሁለት ሺህ ዶላር ሲቀንስ ይታየኛል የሚል ነበር።

ይህን ቃል በዝግታ አስቡት። ተናጋሪው ክፉ ነው አላለም፤ ጥሩ ሰው ይሆናል አለ። ዓይኑም አልታወረም፤ ባየሁት ቁጥር አለ። የሚያየው ግን ሰውየውን አይደለም። የወይኑን ቦታ ያየው አክዓብ ናቡቴን እንዳላየው ሁሉ እርሱም ሰው በቆመበት ቦታ ዋጋ አየ። አጥር በሌለበት መንደር፣ ሁሉ ወለል ብሎ በሚታይበት ሜዳ።

የመንደሩ ሁሉ ሰው ግን እንዲህ አልነበረም። የክዌከር እምነት ተከታዮችና ሌሎች ጎረቤቶች ወደ ማየርስ ቤት እየመጡ አብረው ይቀመጡ ነበር። አጠገባቸው የሚኖረው የአይሁድ ቤተሰብም ከጎናቸው ቆመ፤ በእነርሱም ግድግዳ ላይ ኩ ክላክስ ክላን የተባለው የነጭ ዘረኞች ማኅበር ፊደላት ተጻፉ። የእነዚህም ሰዎች ቤት ዋጋ ነበረው፤ ሞርጌጅም ነበረባቸው። ፍርድ ቤት ተቃዋሚዎቹን አገደ፤ የማየርስ ቤተሰብ እስከ 1961 እዚያው ኖረ። ሌቪት በ1960ዎቹ ሜሪላንድ ውስጥ ቦዊ ላይ ሌላ መንደር ሲከፍትም ለጥቁር አልሸጥም ብሎ ሰልፍ ተወጥቶበታል። ዛሬ ቦዊ አብዛኛው ነዋሪዋ ጥቁር ነው፤ በአካባቢዋም የእኛ ሰዎች ይኖራሉ።

ይህን ትምህርት በሰጠሁ ቁጥር የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለና መልሼው ላብቃ። ጓደኛዬ ትልቅ ቤት ገዛ፣ እኔም ልገዛ አስቤአለሁ፣ ኃጢአት ነው ወይ? ይላሉ። ቤት መግዛት ኃጢአት አይደለም። ልጆች ከበዙ፣ እናት ከአገር ቤት የምትመጣ ከሆነ፣ ኪራዩ ከሞርጌጁ ከበለጠ ይገዛል። እኔ የምጠይቀው ግን ጓደኛህ ያን ቤት ባይገዛ ኖሮ ዘንድሮ ታስበው ነበር ወይ ብዬ ነው። አዎ የሚል ሰው ባንኩ ጋ ይሂድ። ዝም የሚል ሰው ወረቀቱን ለጥቂት ሳምንታት ያቆየው፤ በዚያ መካከል ጓደኛውን ቤቱ ሄዶ ይጎብኘው፣ ወለሉንና ወጥ ቤቱን ሳይቆጥር አብሮት ቡና ይጠጣ፣ ያ ቤት በየወሩ ስንት እንደሚያስከፍለውና እንቅልፍ ይተኛ እንደሆነ ይጠይቀው።